ቅዳሜና እሁድ የሌለው ሰው

ዓለሜ፣

ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት አለፈ። ይህን የምጽፍልሽ ደኅና ሆኜ እንዳይመስልሽ፤ ተናድጄ ነው። የተናደድኩባቸው ሰዎች ደግሞ ሁሉም ክፉ መናገር የማልችላቸው ሆኑብኝ። ስለዚህ እንደ ድሮዬ ወደ አንቺ መጣሁ።

ጣርማ በር ሥር የነበረው ቤታችን አሁን ሌላ መምህር ይኖርበታል። እኔና ሕሊና ሸዋ ሮቢት ወርደናል። ዝውውሩን የጠየቅኩት ያንን ብርድ ያለ አንቺ መቻል አቅቶኝ ነው። እዚህ ደግሞ ሙቀቱ ሌላ ጉድ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ተማሪውም እኔም እኩል እናንቀላፋለን። ልጅሽ ግን ገና በወሩ የሰፈሩን ሰው ሁሉ በስም ጠራችው፤ በዚህ በኩል አንቺን ናት። እኔ እስካሁን ግማሹን አላውቅም።

ማስተርሱን ጀምሬዋለሁ። ሆስፒታል ተኝተሽ "ተመዝገብ፣ እኔን እያልክ እንዳትቀር" ስትዪኝ እሺ ብዬሽ አልነበር? ትምህርቱ ደብረ ብርሃን ነው፣ ቅዳሜና እሁድ። አርብ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ አስተምሬ ሚኒባስ እይዛለሁ፤ እሁድ ሲመሽ እመለሳለሁ። ያልነገርሽኝ ነገር ቢኖር እዚህ አገር ሰው የሚያገባውም፣ ክርስትና የሚያነሳውም፣ እድር የሚሰበሰበውም ቅዳሜና እሁድ መሆኑን ነው።

አንቺ እያለሽ እኔ ጥሩ ጎረቤት ነበርኩ። ለቅሶ ትደርሻለሽ፣ አራስ ትጠይቂያለሽ፣ እኔ ቤት ቁጭ ብዬ የተማሪ ፈተና አርማለሁ፤ ሰው ግን "እነ መምህር መጥተው ነበር" ይላል። አሁን "እነ" የሚባል ነገር የለም። የሰፈራችን እድር ዳኛ ጋሽ ወንድይፍራው ገና እንደገባን ራሳቸው መጥተው መዝግበውኝ ነበር። ብዙም ሳይቆዩ በራፌ ላይ ቆመው "መምህር፣ መዋጮዎ ይደርሰናል፤ እርስዎን ግን አላየንም" አሉኝ። ፈተና ነበረብኝ ልበላቸው? በዚህ ዕድሜዎ የምን ፈተና ቢሉኝስ?

ደብረ ብርሃንም ያው ነው። አብረውኝ የሚማሩት አብዛኞቹ እዚያው ከተማ ናቸው። የቡድን ሥራውን በሳምንቱ መሃል ሻይ ቤት ተገናኝተው ይጨርሱትና እኔ ቅዳሜ ስደርስ ያለቀ ወረቀት ያሳዩኛል። አንዱ ልጅ፣ መምህር በሆንኩበት በመጀመሪያው ዓመት ያስተማርኩት ሊሆን የሚችል፣ "ጋሼ፣ እርስዎ አይድከሙ፤ ስምዎን አስገብተነዋል" አለኝ። በትሕትና ነው ያለኝ። ያቃጠለኝም ትሕትናው ነው። ማታ አብረው እራት ሲወጡ አይጠሩኝም፤ ቢጠሩኝም ዓይኔ መጽሐፉ ላይ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ያላነበብኩትን የማነብበው ያኔ ነው።

አንዲት ሰው ብቻ አልተቀየመችኝም፤ ግድግዳ የምንጋራት እትዬ ዘይነባ። አርብ አርብ ሕሊናን የምትቀበለኝ እሷ ናት። "አንተ ሂድ፣ ልጅቷ የእኔ ናት" ትለኛለች። እናቷ እማማ ሩቅያ አብረዋት ይኖሩ ነበር፤ ከአርጎባ መንደር የመጡ በጣም ያረጁ ሴት። ሕሊናን ከጎናቸው አስቀምጠው የልጅነታቸውን ቋንቋ ያስተምሯት ነበር። እኔ ሽንኩርት በአርጎባ ምን እንደሚባል የሰማሁት ከልጄ ነው።

አሁን ያበሳጨኝን ልንገርሽ።

የጥናቴን ንድፍ ለመምህራኑ የማቀርብበት ቀን ቅዳሜ ሆነ። አርብ ትምህርት ቤት ስለያዘኝ በማግስቱ ማልጄ ነው የተነሳሁት። ሕሊናን ሳደርስ እትዬ ዘይነባ "እናቴን ዛሬ ደከም ብሏታል" አለችኝ። "ልቅር እንዴ?" ስላት ሳቀችብኝ። ሄድኩ። ደብረ ሲናን አልፈን አቀበቱን ስንይዝ ስልኬ ጠራ። አንድ የሰፈራችን መምህር ነው። "እማማ ሩቅያ አረፉ፤ ሕሊና እያለቀሰች ነው" አለኝ።

ሾፌሩን አስቆምኩትና ወረድኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አስቤበት አልነበረም። እግሬ ነው የወረደው። ጉሙ ውስጥ ቆሜ አማካሪዬ ጋ ደወልኩና ሰው ስለሞተብኝ እንደማልደርስ ነገርኳቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። "ምንህ ናቸው?" አሉኝ። "የጎረቤቴ እናት ናቸው" አልኳቸው። "የራስህ እናት ብትሆን ደንቡ ይፈቅድ ነበር። ጎረቤት ግን ምን ብዬ ልጻፈው? እንግዲህ ለሚቀጥለው መንፈቅ ነው" ብለው ዘጉት።

ቁልቁል የሚሄደው መኪና ሁሉ ሞልቶ ያልፈኛል። በመጨረሻ ሽንኩርት ሊጭን ባዶውን የሚወርድ አይሱዙ አነሳኝ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ሾፌሩ ደብረ ሲና ላይ ምሳ ልብላ ብሎ ቆመ። እኔ መኪናው ሥር ቆሜ ጥርሴን አፋጫለሁ፤ እሱ ሁለተኛ ሻይ ያዛል። ሰፈር ስደርስ ቀብሩ አልቆ፣ ሰው ተመልሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። እነሱ ዘንድ ጀናዛ እንደማይቆይ አውቅ ነበር፤ ግን እደርሳለሁ ብዬ ነበር። ትምህርቱንም አጣሁ፣ ቀብሩንም አጣሁ። ጋሽ ወንድይፍራው ቀና ብለው አዩኝና "መምህር፣ ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?" አሉኝ።

እትዬ ዘይነባን ወደ ውስጥ ገብቼ አገኘኋት። ላጽናናት ነው የገባሁት። እንዳየችኝ "ለምን ተመለስክ?" አለች። "እናቴማ በአላህ ውሳኔ ሄደች፤ አንተ ምን ልታደርግላት ነው? ያን ሁሉ መንገድ የተመላለስከው ለዚህ ነው?" ተቆጣችኝ ዓለሜ፣ በገዛ ለቅሶዋ ላይ። ከዚያ "ልጅቷ ስታለቅስ ውላ አሁን ገና ተኛች፤ እንዳትቀሰቅሳት" አለችኝ። እናቷን አፈር አልብሰው በተመለሱበት ቀን ልጄን አብልታ አስተኝታልኛለች። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ለእማማ ሩቅያ ይሁን ለአንቺ፣ ለንድፉም ይሁን፣ መለየት አልቻልኩም።

ለቅሶው እስኪነሳ ድንኳኑ ውስጥ ዋልኩ። በባጃጅ ጀሪካን እየጫንኩ ውሃ አመላለስኩ፤ ወንበር አነሳሁ። ጋሽ ወንድይፍራው እንደማንኛውም ሰው ያዙኝ፣ ያንን እዚያ አድርግ፣ ይህንን አምጣ እያሉ። አንቱታው ቀርቶ ነበር። ይቅርታ የተባባልነው ነገር የለም። እኔም ቁጣዬ አልበረደም፤ የክፍል ጓደኞቼ ንድፋቸውን አቅርበው የተነሱትን ፎቶ በቴሌግራም ሲለቁ ስልኩን አጥፍቼ አስቀመጥኩት። አንድ መንፈቅ ሙሉ ሄደብኝ። ማን ይመልስልኛል?

ለቅሶው በተነሳ ሳምንት፣ ሐሙስ ለት፣ እትዬ ዘይነባ ግድግዳውን ደበደበችና "አርብ ልጅቷን ልብሷን አዘጋጅተህ አምጣት" አለችኝ። ልሂድ አልሂድ አልጠየቀችኝም። አርብ ሄድኩ።

አንቺ ይህን ሁሉ እንዴት ትችዪው እንደነበር ጠይቄሽ አላውቅም። አሁን ብጠይቅሽም አትመልሺልኝም፤ ይኼ ነው ከሁሉም የሚያናድደኝ። ቢሆንም ስምሽን የማነሳው በሙት ዓመትሽ ብቻ እንዳይመስልሽ። የሰው ለቅሶ ቤት ገብቼ የምለው ሲጠፋኝ፣ አንቺ ብትሆኚ ማን አጠገብ ትቀመጪ እንደነበር አስባለሁ፤ ሄጄም እዚያ እቀመጣለሁ። በዕድሜዬ ሙሉ እንዲህ አስብሻለሁ።

ባለቤትሽ