እርሳሱ ቀለጠልኝ!

ወንድምዬ፣
ያቺን አሮጌ የእርሳስ ማቅለጫ ምድጃ ገዝቼ ካመጣኋት ጀምሮ «ነገ እጠግንልሻለሁ» እያልክ ስድስት ዓመት ሙሉ ጫማህን ደረደርክባት።

ነገህ አልመጣ ቢለኝ ራሴ ጠገንኳት!

አንተ ሥራ ስትውል የተሰነጠቀ ሆዷን በሸክላ ጭቃ መረግኩ፤ ሳምንት ሙሉ አደረቅኳት። ዛሬ እርሳሱ እንደ ውሃ ሲሆንልኝ ብቻዬን እልል አልኩ። ጎረቤታችን «ማን ወለደ?» ብላ ሮጣ መጣች። «እኔ!» አልኳት።

እስክትበርድ እንዳትነካት። ውሃ ጠብ ካለባት እርሳሱ ተፈናጥሮ ያቃጥልሃል።

ጫማህ በረንዳ ላይ ነው።

ለምድጃዋ ማስቀመጫ ጡብ ቢያጥረኝ ከአልጋህ እግር ስር ሁለት ወስጃለሁ። እስክመልስልህ ወደ ግድግዳው ተጠግተህ ተኛ... ምን ላድርግ።

ከእርሳሱ የሠራኋቸውን የመጀመሪያዎቹን የመረብ ማስጠሚያ ክብደቶች ለዓሣ አጥማጆቹ ይዤ ሄጃለሁ። አንተ ሠራኋቸው እንዳትል፣ በያንዳንዳቸው ላይ የራሴን ምልክት በምስማር ቀርጬባቸዋለሁ።