ፍሪጁ የለበሰው ጋቢ

አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ሊሞላህ ነው። እማዬ ለሙት ዓመትህ ሽር ጉድ ማለት ጀምራለች፤ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ደጅ ላሉት ነዳያን እንዲሰጥ ልብስህን ሁሉ አጣጥፋ አስቀምጣለች። ከቀበና ወንዝ ማዶ ፎቅ ተሠርቶ የእንጦጦን ባሕር ዛፍ እኩሌታውን ጋርዶብናል። ብትኖር ከባለፎቁ ጋር ስትነታረክ ትከርም ነበር።

እኔ ያው ከበረዶዬ ጋር ነኝ። በምድር ዋልታዎች ላይ የተከመረው በረዶ ዓለም እየሞቀች ስትሄድ ምን እንደሚሆን በኮምፒውተር አሰላለሁ። የዛሬ ሺህ ዓመት የሚሆነውን ማን ኖሮ ሊያይልሽ ነው እያልክ ትስቅብኝ ነበር። ለጎረቤት ስታስተዋውቀኝማ የፍሪጅ መሐንዲስ ናት ትላለህ።

የበዓል ሥጋ ገዝተን መብራት የጠፋ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ጋቢህን ከትከሻህ ገፍፌ ፍሪጁን አለበስኩት። ጋቢ ያሞቃል እንጂ ያቀዘቅዛል እንዴ፣ ልጅቷ ሥጋችንን ልትቀቅለው ነው ብለህ ጮህክ፤ እማዬም ካንተ ጋር ወገነች። ጋቢ ሙቀት አይፈጥርም፣ የውጪውን ሙቀት ቶሎ እንዳይገባ ይከላከላል ብዬ ድርቅ አልኩ። መብራቱ ሲመጣ ሥጋውን በጣትህ ጫን ጫን አደረግከው፤ ድንጋይ ነበር። ከዚያ ወዲያ መብራት ድርግም ባለ ቁጥር ጋቢህን ራስህ አውልቀህ ታለብሰው ነበር፣ አንተ በብርድ እየተንቀጠቀጥክ። እማዬ ግን እስከ መጨረሻው አላመነችም።

አባዬ፣ ቀብርህ ላይ አላለቀስኩም። ድንኳን ውስጥ ጠንካራ ልጅ ናት ሲሉ ሰምቻለሁ፤ በሆዱ ጨካኝ ያለኝም አይጠፋም። የዋልታው በረዶ በጣም ወፍራም ስለሆነ ላዩን የነካው ሙቀት ሥሩ እስኪደርስ ሺህ ዓመታት ይፈጃል። እኔ ዘንድ ግን ሙቀቱ በዚህ ክረምት ሥሬ ደረሰ። ቢሮ ቁጭ ብዬ ኮምፒውተሩ ያወጣውን ሥዕል እያየሁ ሳለ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፤ ባልደረቦቼ ስሌቱ የተበላሸብኝ መስሏቸው ሊያጽናኑኝ መጡ። ናፍቀኸኛል።

ከተጣጠፉት ልብሶች መካከል ጋቢህም ነበረ። ለነፍስህ የሚሰጥ ነገር ላይ እሱን ተይልኝ ማለት ስስት መሰለኝና እማዬን ሳልጠይቃት ተውኩት። ባለፈው እሑድ መብራት ጠፋ። ሻማ ፈልጌ ስመለስ እማዬ ጋቢህን ከልብሶቹ መሃል መዝዛ ፍሪጁን አልብሳዋለች። ጠርዙን ልክ አንተ ትከሻ ላይ እንደምታደርገው እያስተካከለች ነበር። እኔም ሻማውን አብርቼ ያዝኩላት።

ልብሶችህ በሙት ዓመትህ ይሰጣሉ፤ ጋቢው እኛ ዘንድ ይቀራል። አንረሳህም አባዬ፣ ቃሌ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር እናስብሃለን፤ የሰፈራችንን መብራት ደግሞ አንተው ታውቀዋለህ።

የፍሪጅ መሐንዲስህ