የእማማ ዝይ እና የአፍንጫዬ ቱቦ

ውድ ወንድሜ ኤሚል፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህን ብርዱ ተወው? ጆዜፊንስ፣ ልጆቹስ፣ እማማስ እንዴት ናቸው? የወንዙ በረዶ ተሰበረ ወይስ አሁንም በላዩ ትሻገራላችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍልህ ደስ ባለኝ፤ ግን አክስታችን ኤመራንስ ደውላ ሁሉንም መዘክዘኳ ስለማይቀር እውነቱን ከእኔው ስማው።

በአውሮፕላን ወደዚህ ሆስፒታል ያመጡኝ ቀን ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ነበር። የድሮው ቀዶ ጥገና ጠባሳ አንጀትሽን አጥፎ ዘግቶታል አሉኝ። ሐኪሟ ገና ልጅ ናት፤ ግን ታግሣ ነው የምታስረዳው። "ሆድሽን በቱቦ እናሳርፈው። በራሱ ከተከፈተ ቢላዋ አያስፈልግም። በዚህ ሳንባሽ ማደንዘዣውን እፈራዋለሁ" አለችኝ። ሳንባዬ ከድሮም ደካማ መሆኑን መቼም ታውቃለህ።

ነርሱ ዳሪል የሚባል ግዙፍ ሰውዬ ነው። ቀጥ አድርጎ አስቀመጠኝና ቱቦውን በአፍንጫዬ ሰደደው። ኤሚል፣ አፍንጫዬ ተቃጠለ፣ እንባዬ ያለ ልቅሶ ወረደ፣ ጉሮሮዬ ላይ ሲደርስ ደግሞ ነፍሴ የወጣች መሰለኝ። እሱ ውሃ ጠብ እያደረገልኝ "ዋጪ እናቴ፣ ዋጪ! በርቺ፣ ዋጪ!" ይላል። እንዴት አድርጌ ልዋጥ? እጁን ልገፋ ስል ሌላዋ ነርስ እጄን ያዘችው። ከሆዴ የሚወጣው አረንጓዴ ውሃ ግድግዳው ላይ ወዳለው ጠርሙስ መውረድ ሲጀምር "ጎሽ፣ ጀግና!" አለኝ። እኔ ግን ጀግንነቱ አልታየኝም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሆዴ ጎደለና ቱቦው ወጣልኝ። ሾርባ ብቻ ፈቀዱልኝ፤ ሾርባው ከረጋልሽ በሚቀጥለው አውሮፕላን አገርሽ ትገቢያለሽ ተባልኩ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ያን ዕለት ልታስታምመኝ አብራኝ የመጣችው ኤመራንስ ከምታድርበት የአስታማሚዎች ማረፊያ መጣች። ከካፖርቷ ሥር የእማማን ስንቅ አወጣች፤ አንተ የጣልከውን የዘንድሮን የመጀመሪያ ዝይ፣ በጭስ የደረቀውን። የተፈቀደልኝ ሾርባ ብቻ ነው ብላት "አንቺ ልጅ፣ እናትሽ በዚህ ዕድሜዋ ጭስ ውስጥ ቁጭ ብላ ያደረቀችውን ልትመልሺ ነው? የመጀመሪያውን ዝይ እምቢ ያለ ቤት ሌላ እንደማይመጣለት ረሳሽው? ከተማ ገብተሽ ሳትከርሚ ፈረንጅ ሆንሽብኝ?" ብላ ወረደችብኝ። እኛ ቤት በዚህ ነገር ክርክር የለም። ለአንተም ፈራሁ፤ አደኑ ገና መጀመሩ ነው፣ እኔ የመጀመሪያውን ገፍቼ ዝዮቹ ቢርቁህስ? ቆርሼ በላሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ደገምኩም።

ብዙም ሳይቆይ ሆዴ ተነፋ። ዳሪል ቱቦውን ይዞ ሲገባ ሳየው ገና ሳይነካኝ አለቀስኩ። በሌላኛው የአፍንጫዬ ቀዳዳ ሲሰደው አስመለሰኝና ሥጋው ወጣ፤ ሁሉም አዩት። ሐኪሟ "ይህን ማነው ያበላሽ?" አለች። ኤመራንስ ጥግ ላይ መሀረቧን አፏ ውስጥ ወትፋ ቆማለች። ራሴ ነኝ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ኤመራንስ እህል የሚባል አልቀመሰችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ሆዴን ራጅ አነሱኝ፤ አንጀቴ አልተከፈተም። ነገ ጠዋት በቢላዋ ሊከፍቱኝ ነው። ሐኪሟ እጄን ይዛ "ላትነቂ ትችያለሽ" አለችኝ። እሺ ከማለት በቀር ምን አቅም አለኝ? ውሃ እንኳ አይሰጡኝም፤ ከንፈሬን በእርጥብ ጨርቅ ያብሱልኛል። ፈርቻለሁ ወንድሜ፣ በጣም ፈርቻለሁ።

ካልተነሣሁ አንድ ነገር አደራ። ሥጋው ገደላት የሚል ሰው እንዳይኖር። ለልቅሶዬ ዝይ ቀቅሉ፤ ከሰው ሁሉ ፊት መጀመሪያ ለኤመራንስ ስጧት፤ እሷ ሳትበላ ማንም እንዳይነካው።

ጆዜፊንን ሳምልኝ። ልጅህ ክሌይተን የበረዶ ሞተሩን በሳሳው ወንዝ ላይ እንዳይነዳ ተቆጣልኝ። ትንሿን ሜርሲን ጉንጯን ሳምልኝ። እማማ ፊት የቱቦውን ነገር አታንሣ። ዝይው እንዴት ነበር ብላ መጠየቋ አይቀርም፤ ጨውም ጭሱም ልክ ነበር፣ እየጣፈጣት በላችው በላት። ይህ ውሸት አይደለም።

እህትህ ሮዛሊ
ኪንግስተን፣ ከሆስፒታል
እ.ኤ.አ. ሜይ 3 ቀን 2011