ጀፎረ ላይ የተተከለው ጽጌረዳ

የአቶ ሀብተወልድ ኪዱ የሕይወት ታሪክ
(1935 – 2007 ዓ.ም.)
በበኩር ልጃቸው በትርሲት ሀብተወልድ የተጻፈ

አቶ ሀብተወልድ ኪዱ ከአባታቸው ከአቶ ኪዱ ወልደማርያምና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደብሪቱ ዘርጋ፣ በጉራጌ፣ በእዣ፣ ከአገና የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቀው በዚህችው መንደራችን በ1935 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀኑ በውል አይታወቅም። እናታቸው "መስቀል ባለፈ በሳምንቱ" ይሉ ስለነበር ቤተሰቡ ይህንኑ ይዞ ኖሯል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በደብሩ ፊደል ቆጠሩ፤ ከዚያም አገና ተመላልሰው እስከ አራተኛ ክፍል ተማሩ። በአሥራ አራት ዓመታቸው አጎታቸውን ተከትለው አዲስ አበባ ገቡ። እንደ ጓደኞቻቸው ሱቅ ውስጥ ይቀመጣሉ ተብሎ ሲጠበቅ እሳቸው አንድ ትልቅ ግቢ ውስጥ የአትክልተኛ ረዳት ሆኑ። አጎታቸው በዚህ ተቀይመው ለሁለት ዓመት እንዳላናገሯቸው እየሳቁ ያወሩ ነበር። ጽጌረዳን በቀጋ ላይ ማዳቀል የተማሩት እዚያ ነው። ዱር የበቀለውን እሾሃም ቀጋ ሥሩን ይይዙና፣ ከተመረጠው ጽጌረዳ አንድ ቡቃያ ቆርጠው ግንዱን ሰንጥቀው ይሰኩበታል። አበባው የእንግዳው፣ ሥሩ የሀገሩ ይሆናል። ቀጋን ድርቅም ብርድም አይረታውም፤ ይህ ነገር በኋላ የሚመጣበት ቦታ ስላለ አድማጭ ልብ ይበልልን።

በ1966 ዓ.ም. ወልቂጤ በሚገኝ የመንግሥት ችግኝ ጣቢያ ተቀጠሩ። በ1968 ዓ.ም. ከወይዘሮ ዘርፈሽዋል ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ትርሲትን፣ ሚኪያስንና ሕይወትን ወለዱ። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ በ1985 ዓ.ም.፣ ጣቢያው ሠራተኛ ሲቀንስ እሳቸውም ተቀነሱ። ብዙ ሰው አዝኖላቸው ነበር። እሳቸው ግን ከወልቂጤ መውጫ አንዲት ቁራሽ መሬት ተከራይተው የራሳቸውን ችግኝ ማፍላት ጀመሩ። ጊዜው ከተሞቻችን ሆቴልና ክሊኒክ የሚከፍቱበት ስለነበር፣ ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ ያማሩ ግቢዎች ብዙዎቹ በእጃቸው ወጥተዋል።

አሠራራቸው የራሳቸው ነበር። አንድ ግቢ ሲጠሩ ትንሿን መቀመጫ ዱካቸውን ይዘው ሄደው በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። አይለኩም፣ አይቆፍሩም። ቡታጅራ ላይ ሆቴል የከፈቱት አቶ ሙሀመድአወል ግቢው ሁሉ ቀይ ጽጌረዳ እንዲሆን ፈልገው አባታችንን ቢያስመጧቸው፣ ሁለት ቀን ሙሉ ዱካ ላይ ተቀምጠው አዩአቸው። በሦስተኛው ቀን ሊተክሉ ነው ወይስ አልጋ ሊይዙ የመጡት ብለው ጠየቋቸው። አባታችን የመለሱት ልጆቻቸው ሁሉ የምናውቀውን ነው፦ "ሰው የሚረግጠውን ሳላውቅ አልተክልም።" አስተናጋጆቹ ሳህን ይዘው የሚያቋርጡበትን፣ ልጆች የሚሯሯጡበትን፣ ልብስ የሚሰጣበትን አይተው ጨርሰው ነበር። ለበሩ እሾሁ የሳሳውን ነጭ ተንጠላጣይ፣ ለመንገዱ ዳር ከጉልበት የማያልፈውን ድንክ፣ ሽታው የሚያውደውን ሮዝ ከመኝታ ክፍሎቹ መስኮት ሥር፣ እሾሃሙን ቀይ ደግሞ ማንም ከማይደርስበት ከኋላው አጥር ላይ አደረጉት። አቶ ሙሀመድአወል ቀዩ ተደበቀብኝ ብለው ትንሽ አጉረመረሙ። ከዚያ በኋላ ግን ሦስት ደንበኛ ልከውላቸዋል።

በ1993 ዓ.ም. የወልቂጤውን ቦታ ለሚኪያስ አስረክበው ወደ መንደራችን ተመለሱ። ከአዲስ አበባ ለመጣችሁ እንግዶች፣ ዛሬ ድንኳኑ የተተከለበት፣ ቤቶቻችን ግራና ቀኝ የተሰለፉበት ይህ ሰፊ የሣር መንገድ ጀፎረ ይባላል። ሠርጋችንም ለቅሶአችንም የሚያልፈው በእሱ ነው። ማንም አጥሩን አንድ ክንድ እንኳ ወደ ጀፎረው አይገፋም። በየዓመቱ ከመስቀል በፊት ሁለት ሰዎች ገመድ ይዘው ስፋቱን ይለካሉ። አቶ ሀብተወልድ በተመለሱ በዓመቱ የገመዱ አንድ ጫፍ ተሰጣቸው፤ ሌላውን ጫፍ የያዙት ጎረቤታቸውና የልጅነት ጓደኛቸው አቶ አብዶ ነበሩ። በሕይወታቸው ከተሰጣቸው ነገር ሁሉ እንደዚያ ገመድ የኮሩበት አልነበረም።

በጥር 1998 ዓ.ም. ትርሲትን ዳሩ። የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ እዚህ ላይ "በደማቅ ሥነ ሥርዓት" ተብሎ ይታለፋል። ይህ ግን አይታለፍም።

ትርሲት በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ ትሠራ ነበር። የባሏ ቤተሰቦች ባለጸጎች ናቸው። ለእነሱ አባቷን ያስተዋወቀቻቸው ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ ብላ ነው። ኅዳር ላይ ለሁለት ቀን መጥታ ቤቱን በእንግዶቹ ዓይን አየችና አፈረችበት። መኪናዎቹ ከሚቆሙበት ከጀፎረው መካከል እስከ ቤታችን በር ድረስ ግራና ቀኝ ቀይ ጽጌረዳ እንዲተከልላት ጠየቀች። አባቷ ከአጥሩ ውስጥ፣ ከበሩ ግራና ቀኝ፣ ድንኩን ሮዝ እንደሚያሳምሩላት ነገሯት። ጀፎረው የሁሉ መሆኑን፣ እሳቸውም ጠባቂው መሆናቸውን አስረዷት። እሷ ግን ከውስጥ ያለውን ከመኪና ማን ያየዋል አለች። በመጨረሻም ዓይኗን በጨው ታጥባ "አባዬ፣ አንድ ቀን እንኳ አታሳፍረኝ" አለቻቸው።

አቶ ሀብተወልድ በማግስቱ ወልቂጤ ሄደው ለሽያጭ እንኳ የሚሳሱላቸውን፣ የሦስት ዓመት ዕድሜ ያላቸውን አርባ ተንጠላጣይ ቀይ ጽጌረዳዎች አስነቅለው በጭነት መኪና አመጡ። ለመንደሩ ሽማግሌዎች ለሠርጉ ብቻ ነው፣ መልሱ እንዳለፈ እነቅለዋለሁ ብለው ቃል ሰጡ። ሽማግሌዎቹም ቃላቸውን አመኑ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ አይፈቀድለትም ነበር። በሠርጉ ዕለት ትርሲት እሾህ የተወው የእጃቸው ጠባሳ እንዳይታይባት ጋቢያቸውን አስተካክላላቸው፣ እጃቸውን ከውስጥ እንዲያደርጉ ነገረቻቸው። ፎቶዎቹ ሁሉ ያምራሉ። በአንዱም ላይ እጃቸው የለም።

መልሱ አለፈ። ትርሲት የባሏ ወላጆች ለፋሲካ ሊመጡ ስለሆነ እንዳይነቀል በስልክ ለመነች። ለፋሲካ አልመጡም። ለመስቀል ይቆይ አለች፤ ለመስቀልም አልመጡም። ከዚያ የሚሊኒየሙ መስቀል ነው፣ ያኔ አይቀሩም አለች። አቶ ሀብተወልድ ሽማግሌዎቹ በጠየቋቸው ቁጥር ጥቂት ቀን ስጡኝ ይሉ ነበር። ያ ጽጌረዳ የሚንጠላጠልበት አጥር ስላልነበረው በሁለት ክረምት ሣሩ ላይ ተዘረጋ። ከሥሩም ቀጋው ማቆጥቆጥ ጀመረ። በጽጌረዳውና ማዶ ባለው በትልቁ ዝግባ መካከል የቀረችው መንገድ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አታሳልፍም ነበር።

በሐምሌ 1999 ዓ.ም. የአቶ አብዶ እናት አረፉ። የሙስሊም ወንድሞቻችን ቃሬዛ እንደማይዘገይ፣ ተሸካሚዎቹም ከጎን እየገቡ ትከሻ እንደሚቀያየሩ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እዚያች ጠባብ ቦታ ሲደርሱ ከጎን የሚገባ ሰው መግቢያ አጣ። ዝናብ ነበር፤ የዝግባው ሥር ያዳልጣል። የቀጋው እሾህ ቃሬዛው ላይ የተደረገውን ልብስ ያዘው። ሰዎች እሾሁን አንድ በአንድ በጣታቸው እስኪያላቅቁ ድረስ ቃሬዛው በዝናብ ውስጥ ቆመ። አቶ አብዶ አልተቆጡም። ወደ አባታችን ዞረው "ሀብቴ፣ እናቴ መንገድ ላይ ቆማለች" ብቻ ነው ያሉት።

አቶ ሀብተወልድ ከቀብር እንደተመለሱ ልብሳቸውን ሳይቀይሩ አርባውንም ነቀሉ።

በሳምንቱ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ገመድ ያዡ ራሱ ጀፎረ ማጥበቡ ለማንም አልገባም። ያስገደዳቸው ሰው ካለ እንዲናገሩ፣ ካለ ፍርዱ እንደሚቀልላቸው ሦስት ጊዜ ጠየቋቸው። እሳቸውም "የተከለው የእኔ እጅ ነው፤ ሌላ ሰው አትፈልጉ" አሉ። ገመዱም ተወሰደባቸው። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ለልጃቸው ደውለው ነገሩን ነገሯት። ትርሲት ለመስቀል ስመጣ ራሴ እናገራለሁ አለች። ለመስቀል መጣች። ሽማግሌዎቹ ቤታችን ገብተው አብረዋት ክትፎ በሉ፣ መረቋት። አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። የባሏ ወላጆችም የሚሊኒየሙን መስቀል አዲስ አበባ ዋሉ።

በሚቀጥለው ዓመት ገመዱ ሲዘረጋ አቶ ሀብተወልድ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ አድርገው ከኋላ ቆመው አዩ። መንደሩ አላገለላቸውም፤ አቶ አብዶም ቤታቸው መምጣት አላቆሙም። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ አንድም ግቢ እንዲያሳምሩ ቢለመኑ እሺ አላሉም።

ቀጋ ግን ሥሩ ከቀረ ይመለሳል። በየክረምቱ ጀፎረው ላይ ብቅ ይላል፤ አባታችንም በየክረምቱ ተንበርክከው ይቆፍሩት ነበር። በ2004 ዓ.ም. ትርሲትና ባለቤቷ በመኪና ሲገቡ እንዲህ ሆነው አገኟቸው። ባለቤቷ አባትሽ ምን እያደረጉ ነው ቢላት፣ ሣር እያጸዱ ነው አለችው። ከመኪናው የወረደችውም በሩ ላይ ከደረሰች በኋላ ነው።

ከዚህ በላይ ራሴን ትርሲት እያልኩ መጻፍ አልችልም። ደንቡ ቢሆንም መደበቂያ ሆነብኝ። ያ ሁሉ የሆነው በእኔ ነው። ሽማግሌዎች ማን ነው ብለው ሦስት ጊዜ የጠየቁት ሰው እኔ ነኝ። ይህን ጽሑፍ ሌላ ሰው እንዲያነብልኝ ሚኪያስ ለምኖኝ ነበር፤ እንቢ ያልኩት ፊቴን እንድታዩት ብዬ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ አባቴ የተሸከሙትን የጥፋት ስም እናንተ ፊት ወደ ራሴ እመልሳለሁ። የመጣሁት ዘግይቼ ነው፤ እሳቸው አይሰሙኝም፤ ይህንንም አውቀዋለሁ።

አባታችን በልብ ሕመም ከአንድ ዓመት በላይ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሰኔ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ከማረፋቸው ሁለት ቀን በፊት አጠገባቸው ነበርኩ። የተናዘዙት ስለ ቤትም ስለ መሬትም አልነበረም። "ከዝግባው ሥር አንዱ ቀርቷል፤ ክረምቱ ሳይገባ" አሉኝ። ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት የዶማውን ቦታ ነገሩኝ።

ትናንት ቆፈርኩት። ሥሩ ክንድ ያህል ይሆናል። አቶ አብዶ ከበራቸው አዩኝ፤ መጥተው ሥሩን በሌላ በኩል ያዙልኝ፤ አብረን ሳብነው። ለምን እንደምቆፍር ነገርኳቸው። እሳቸውም ገና ያን ጊዜ እንዳወቁ፣ ሀብቴ ለጽጌረዳ ብሎ መንገድ የሚያጠብ ሰው እንዳልሆነ ነገሩኝ። እስክናገር ጠብቀውኝ ነበር።

አቶ ሀብተወልድ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዘርፈሽዋልን፣ ሦስት ልጆችንና አምስት የልጅ ልጆችን ትተው አልፈዋል። መቃብራቸው ላይ ጽጌረዳ እንዳይደረግ ቤተሰቡ በትሕትና ይለምናል።

አሁን አስከሬናቸው ሲነሳ በዝግባው በኩል ያልፋል። አቶ አብዶ ትናንት ማታ ገመዱን አውጥተው አንዱን ጫፍ ለእኔ ሰጥተውኝ ስፋቱን ለካነው። ልክ ነው። ተሸካሚዎች ከሁለቱም ጎን እየገባችሁ ትከሻ መቀያየር ትችላላችሁ። ሰው የሚረግጠውን ሲጠብቁ ኖረዋልና፣ አምላክ የሚሄዱበትን መንገድ ያስፋላቸው፤ ነፍሳቸውንም የትም ሳያስቆም ያድርስልን። አሜን።