ያለ እሳት የተቃጠለው ማሳ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለይታገሱ ወርቁ፣ ባለህበት ጅቡቲ፤

እንደምን ከርመሃል፣ የእናቴ ልጅ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ክረምት ላይ ስታማርረው የነበረው ጉልበትህ ተሻለህ ወይ? የወደቡ ሥራ እንዴት አድርጎ ይዞሃል? ምግቡስ ተስማማህ፣ ወይስ አሁንም ሩዙን እየረገምክ ነው የምትበላው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፣ እኔም ደህና ነኝ፣ ታናሻችን ሊዲያም ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል ገብታ ለታላቆቿ ምክር መስጠት ጀምራለች። የጎደለን ያንተ ዓይን ብቻ ነው። ዓይንህን እንናፍቅ እንጂ ድምፅህን ግን ለጊዜው አልናፈቅነውም፤ ምክንያቱን ወረድ ብለህ ታገኘዋለህ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። ያጣላን ስልክ ስለሆነ ነው። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ እማዬ በጠዋት ደውላ "ይታገሱ፣ ልጄ፣ አትክልቱ ተቃጠለ፣ የኛው ብቻ ተቃጠለ" ስትልህ መስመሩ ቁርጥ አለ፤ ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ ኔትወርክ የሚባል ነገር አልነበረም። ኔትወርኩ ሲመለስ ነገሩን ልናስረዳህ ብንደውል፣ ለዚያ ለጎረቤታችሁ ለአብዱልጀሊል አታማልዱኝ ብለህ ጆሯችን ላይ ዘጋህብን። ደጋግመን ብንሞክር አታነሳም። ስለዚህ በማይዘጋ ነገር፣ በወረቀት፣ ከመጀመሪያው ልነግርህ ነው። አባታችን ይታገሱ ብሎ ስም ሲያወጣልህ ምን አይቶ እንደሆነ እንጃ፤ አንተ ግን በስምህ አንድ ቀን እንኳ አልሠራህበትም። ዛሬ ግን ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብብ።

አትክልቱን ያቃጠለው እሳት አይደለም። ብርድ ነው።

አትሳቅ፤ እኔም በዓይኔ ባላየው አላምንም ነበር። የታኅሣሥ ገብርኤል ካለፈ በኋላ ሰማዩ ደመና የሚባል አጥቶ ጥርት ብሎ ሰነበተ፣ ነፋሱም ጸጥ አለ። በእኛ ቆላ፣ ግራና ውስጥ ብርድ ማለት ነጠላ ደረብ አድርጎ መውጣት እንደሆነ ታውቃለህ፤ ብርድ ልብሱን የምናወጣው እንግዳ ሲመጣ ነው። በዚያን ቀን ጠዋት ግን በሩን ስከፍተው አየሩ አፍንጫዬን ቆነጠጠኝ። ወንዙ ዳር ያለው ማሳችን ነጭ ሆኗል። ሣሩ ነጭ፣ የቦዩ ዳርና ዳር ነጭ፣ የፓፓያው ቅጠል ሳይቀር ነጭ። ባልዲው ውስጥ ያደረው ውሃ ላይ መስታወት የመሰለ ነገር ተጋግሯል፤ ሊዲያ በጣቷ ብትነካው ተሰበረና ጮኻ ወደ ኋላ ሸሸች።

ከእኛ ቀድሞ ማሳው ላይ የተገኘው አብዱልጀሊል ነበር። ውሃ ሊመልስ ሲወርድ ያን ነጭ ነገር አይቶ መሀል ላይ ቆሞ ቀርቷል። እማዬን ሲያያት፣ እማማ በላይነሽ፣ ይህን ሁሉ ዩሪያ ማነው እንዲህ የበተነባችሁ፣ ይህ እኮ ሥሩን ይጨርሰዋል፣ አላት። ጎንበስ ብሎም በእፍኙ ዘገነው። ዩሪያው እጁ ላይ ውሃ ሆነበት። ያን ጊዜ ፊቱን ብታየው! ያ ሁሉንም አውቃለሁ የሚል ሰው መዳፉን እያገላበጠ ይመለከተዋል፣ እኛም አብረን የሱን መዳፍ እንመለከታለን።

እማዬ ግን አልሳቀችም። እሷ እንደምታውቀው ከጉባ ላፍቶ ደጋ አባታችንን አግብታ የወረደች ናት፤ አንድ ጊዜ ብቻ አይታው "ውርጭ ነው" አለች። ከዚያም፣ ውርጭን ሸሽቼ ቆላ ባገባ ዕድሜዬን ሙሉ ሲፈልገኝ ኖሮ ይኸው ዛሬ አገኘኝ፣ ብላ እዚያው ቦዩ ዳር ቁጭ አለች።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ማሳው ነጭነቱን ጥሎ መጥቆር ጀመረ። ፓፓያው እንደ ተቀቀለ ጎመን ተልፈሰፈሰ፣ የሙዙ ቅጠል ጠቁሮ ተንጠለጠለ፣ ቲማቲሙ መሬት ላይ ተኛ። የአባታችን ብርቱካኖች ጫፍ ጫፋቸው ነበልባል የላሳቸው መሰሉ። እማዬ የደወለችልህ ይህን ጊዜ ነው። በደጋ ሰው አነጋገር ውርጭ የመታው ሰብል ተቃጠለ ነው የሚባለው፤ እሷም ባቄላው እንዲህ ሲቃጠል፣ ገብሱ ሲቃጠል እያየች ነው ያደገችው። ለእሷ ከዚህ የቀለለ ቃል የለም። አንተ ደግሞ የቆላ ልጅ ነህ፣ ተቃጠለ ሲሉህ እሳት ብቻ ነው የሚታይህ። በዚህ አልፈርድብህም። አገራችን በእነዚህ ዓመታት እሳት አላነሰውም፤ ሩቅ ያለ ሰው እንዲህ ያለ ቃል ሲሰማ ልቡ ወደ ክፉ ነገር ቢሄድ አይገርምም።

የኛው ብቻ ያለችህም እውነቷን ነው። የአብዱልጀሊል ማሳ አንድ ቅጠል አልጠቆረበትም። ግን የሱ ማሳ የት እንዳለ ረስተኸዋል እንዴ? ከእኛ በላይ ተዳፋቱ ላይ ነው። ብርድ እንደ ውሃ ነው ትላለች እማዬ፤ ቁልቁል ወርዶ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ይተኛል። ከወንዙ ማዶ ያሉትም ተመተዋል፤ በእኛ ወገን ግን ከኛ ማሳ ግርጌ ወንዙ ብቻ ነው ያለው።

አሁን ወደ እሳቱ ልምጣ። እሳትም ነበር፣ አልዋሽህም። እማዬ፣ ሰማዩ እንዲህ ጥርት እንዳለ ከመሸ ውርጩ ነገም ይመለሳል አለች። ፓፓያውና ሙዙ አልቆላቸዋል። የቀሩን ብርቱካኖቹ ብቻ ነበሩ፤ ግንዳቸው አልተነካም፣ አንድ ቀን ከደገማቸው ግን እነሱም አበቃላቸው። በአገሯ በማሳው ዙሪያ የሚጨስ እሳት ይነዳል፣ ለጋውም ተክል በገለባ ይጠቀለላል አለችን። ያን ሁሉ ገለባ ከየት እናምጣው? ባለቤቴ ያሬድ ለጉዳይ ወልድያ ነበር፣ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሦስት ሴቶች ነን። አብዱልጀሊል ወጥቶ ሄደ። ከዚያ ለከብቶቹ የበጋ ቀለብ ብሎ የከመረውን የማሽላ አገዳ በአህያ እየጫነ ያወርደው ጀመር፤ አንድ ጊዜ ቢሆን መልካም፣ እየተመላለሰ ክምሩን ጨረሰው። ኧረ በሕግ፣ ከብቶቹስ ብንለው፣ ከብቱ ሣር አያጣም፣ የጋሽ ወርቁ ብርቱካን ግን ሌላ ከየት ይመጣል አለን። እያንዳንዱን ግንድ እንደ አራስ ልጅ ጠቀለለው። አመሻሹ ላይ ኩበትና እርጥብ ገለባ ደባልቆ በማሳችን ዙሪያ እሳት አነደደ። ጢሱ ዓይኑን አጥፍቶት፣ ሳሉም ይዞት፣ አንቱ ይግቡ፣ ይበርድዎታል እያለ እማዬን ሲቆጣ እስከ ቤት ይሰማ ነበር።

ጅቡቲ የሚመላለሰው ሾፌሩ ዮሐንስ ያየው ይህንን ነው። ሽንኩርት ሊጭን ግራና መጥቶ ሲመለስ፣ በዚያ ምሽት መኪናውን እየነዳ በመንገዱ አለፈ። አብዱልጀሊል በእኛ ማሳ ውስጥ እሳት ሲለኩስ በዓይኑ አየ፣ ጅቡቲ ሲደርስም ያየውን ነገረህ። ዮሐንስ ቀና ሰው ነው፣ ባየው ላይ ምንም አልጨመረበትም፤ ያልጠየቀውን ደግሞ ከየት ያምጣው። አንተ የእማዬን ቃልና የዮሐንስን ዓይን ገጣጠምክ። በዚያ ላይ ከመሄድህ በፊት በውሃ ተራ ስትጨቃጨቁ አብዱልጀሊል ተናዶ፣ ይህን ማሳ እሳት ይብላውና እንገላገል፣ ያለህ ትዝ አለህ። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ እኔም ባንተ ቦታ ብሆን ሌላ ነገር አይታየኝም ነበር። የምቆጣህ ስላሰብከው አይደለም። ሳትጠይቅ ስለተናገርከው ነው።

ለአብዱልጀሊል በስልኩ በኢሞ የላክኸው ድምፅ እንዴት እንደደረሰው አታውቅም። በገበያ ቀን መርሳ ከተማ ማሽላ ይዞ ወጥቶ ከሰዎች ጋር ተቀምጧል። ስልኩ ሲጮህ ስምህን አየ። ደስ ብሎት ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተው። ይታገሱ ነው፣ ከጅቡቲ፣ እስኪ ዝም በሉ ስሙት፣ ብሎ አጠገቡ ያሉትን ሁሉ ዝም አሰኛቸው። ከዚያ ያልከውን ሁሉም ሰማ። የአባቴን መቃብር በቆፈርክበት እጅህ የአባቴን ተክል አነደድክ፣ ስመጣ ያንተም ይነዳል፣ ያልከውን። ስልኩን ዘግቶ ማሽላውን ሳይሸጥ ጭኖ ተመለሰ። ለእኛ ትንፍሽ አላለም፤ የነገረችኝ ገበያ የነበረች ጎረቤታችን ናት። መንገድ ላይ ቆሜ የሰደብኩህን ስድብ አሁን ጾም ስለሆነ አልጽፍልህም።

እማዬ ወዲያውኑ ቤቱ ሄደች። ቃሉ የኔ ነው፣ ልጄ አልገባውም፣ ብላ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ደግፎ አነሳት። ከአንቱ ጋር ምን ጠብ አለኝ፣ እናቴ አይደሉም ወይ፣ ብሎ አስቀመጣት። ስለ አንተ ግን አንድ ቃል አልወጣውም። ከዚያ ወዲህ በግቢያችን ማለፍ ትቷል፤ ወደ ወንዙ የሚወርደው በዙሪያው መንገድ ነው። የውሃ ተራችን ሲደርስ ቦዩ ተከፍቶልን እናገኘዋለን፣ እሱን ግን አናገኘውም። ዘንድሮ ሁዳዴውና ረመዳኑ ባንድ ሳምንት ገብተው አገሩ በሙሉ ጾመኛ ሆኗል። እማዬ እንደ ልማዷ ለአፍጥሩ ሾርባ ሰደደችለት። ሳህኑ ታጥቦ፣ ቴምር ተደርጎበት ተመለሰ። ዱሮ ራሱ ይዞት መጥቶ፣ እኛ ቤት ተቀምጦ አምሽቶ ነበር የሚሄደው። አሁን በሰው ላከው። እማዬ ቴምሩን አልበላችውም፣ መደርደሪያው ላይ አስቀምጣ ታየዋለች።

ስለ ብርቱካኖቹ ደግሞ ልንገርህ። ሁለቱ ሞተዋል። አገዳውን የምንፈታበት ጊዜ ሲደርስ፣ አንተው አስረኸዋልና ና ፍታው ብዬ ለመንኩት፤ አንቺው ፍቺው አለኝ። ፈታሁት። የቀሩት ሁሉ ግንዳቸው ላይ አቆጥቁጠዋል፣ ቅጠሉ ገና የጥፍር ያህል ነው። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፣ ለብርቱካን እንዳይመስልህ። ማሳውን ያቃጠለው ብርድ ሄዷል፣ ማሳውም ይመለሳል። ያንን ሰው ግን ብርድ አይደለም ያቃጠለው፣ አንተ ነህ።

ያሬድ ሽማግሌ እንላክ ይላል። እማዬም እኔው ለምኜ አስታርቃለሁ ትላለች። እኔ ሁለቱንም እምቢ አልኩ። በራስህ አንደበት ያስቀየምከውን ሰው በሌላ ሰው አንደበት አትታረቀውም። ጽሑፍ አትላክለት። ድምፅም ቀድተህ አትላክለት፣ የተላከ ድምፅ መክፈት ትቷል። ደውልለት። ምን ልበለው ካልክ፣ ብርድ መሆኑን አላወቅሁም ነበር፣ በድዬሃለሁ በለውና ዝም በል። ከዚያ በኋላ እሱ ይናገር። ቢቆጣህም አድምጠው፣ ቢሰድብህም አድምጠው፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ በስምህ ሥራበት።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ራሱ ዮሐንስ ነው። ሁሉንም ነግሬዋለሁ፣ ከአንተ በላይ አፍሯልና አትቆጣው፤ ቀዝቃዛ ውሃ አጠጣልኝ። እማዬ ሰላም ብላሃለች፣ ጉልበትህን ማታ ማታ በሞቀ ውሃ እሸው ብላለች። ሊዲያ ሰላም ብላሃለች፤ የባልዲውን በረዶ ፎቶ አንስታ ለትምህርት ቤቱ ሁሉ አሳይታ ጨርሳለች፣ ላንተም ትልካለች። ያሬድ ሰላም ብሎሃል። ጎረቤቱም እንደየስሙ ሰላም ብሎሃል።

ሁልጊዜ ስንደውልልህ መጨረሻ ላይ "አብዱልጀሊልም ሰላም ብሎሃል" እንልህ ነበር፣ አጠገባችን ሆኖ በሉልኝ ስለሚል። ትናንት ቦዩ ላይ ጠብቄው፣ ለይታገሱ ልጽፍለት ነው፣ ምን ልበልልህ አልኩት። አካፋውን ተደግፎ ቆመ። ከዚያ፣ እዚያስ ብርድ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የለም፣ ሞቃት አገር ነው አልኩት። አልሐምዱሊላህ ብሎ ሄደ። ሰላምታ ግን አልላከም፤ ስላልላከም አልጻፍኩልህም።

ከአፍጥር በኋላ ቤቱ ነው። ስልኩን አልቀየረም።

ታላቅ እህትህ
አሰለፈች ወርቁ

ግራና፣ የካቲት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.