በግለሂስ ላይ ስላመለጠኝ አሜን

ለተከበሩ ጓድ ቱሉ፣ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር

ጓድ ሆይ፣ ከመላው ቤተሰብዎና ከማኅተምዎ ጋር እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከእንቅልፍ በስተቀር የጎደለኝ የለም። ይህን ደብዳቤ ግልጽ ያደረግሁት ከጀግንነት አይደለም፤ ፈሪነቴን ቀበሌው ሁሉ ያውቃል። መከፈቱ ስለማይቀር ሙጫውን ልቆጥብ ብዬ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ዕንባቆም ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ስምንት ወሩ ነው፤ ደብዳቤ የለም። ከዚያ ወዲህ ደረቴን ያፍነኛል፤ መጋዘን ውስጥ ቡና ስመዝን ቁጥሩ ይጠፋኛል። የጤና ረዳቷ ወይዘሮ ዘነቡ ሕመሜ መርፌ እንደማይሻ ነግረውኝ፣ በሳምንት አንድ ቀን የልቤን ለሚሰማኝ ሰው እንድናገር፣ ማለዳ በእግሬ እንድሄድ፣ ሲጨንቀኝም ዓይኔን ጨፍኜ ቀስ ብዬ እንድተነፍስ አዘዙኝና ወደ ሸቤ ከተማ ጤና ጣቢያ ተዛወሩ። ከዚያ በኋላ የፈጸምኳቸው ጥፋቶች እነሆ፦

፩ኛ፣ ማለዳ በአወቱ ወንዝ ዳር ስመላለስ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ፤ የትም እንደማልሄድ በእውነት መለስኩ። የትም የማይሄድ ሰው ለምን እንደሚሄድ እስኪጣራ ግማሽ ቀን ስላሳረፉኝ አመሰግናለሁ።

፪ኛ፣ እርስዎ ስለ ምርት ዘመቻ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲያብራሩ ዓይኔን ጨፍኜ ብተነፍስ ተኝቷል ተብዬ ተመዘገብኩ። ጓድ ሆይ፣ እኔ እኮ የእርስዎ ንግግር እንኳ ያላስተኛኝ ሰው ነኝ።

፫ኛ፣ ሰው በየሳምንቱ ተነሥቶ ስለ ራሱ የሚናገርበትን ቦታ ስፈልግ፣ የጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ የቀረው የእርስዎ የግለሂስ ስብሰባ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ሌሎች ጓዶች ስለ ማርፈዳቸው ግለሂስ ሲያደርጉ፣ እኔ ሞኙ ተነሥቼ ወንድሜ ሞቶ ይሆናል ብዬ እንደምፈራ፣ ስሙን መጥራት እንኳ እንደሚያቅተኝ ተናገርኩ። አለቀስኩም። ቀለል ሲለኝ ጊዜ ደግሞ የጸሎት ቤቱ የምስክርነት ልማዴ አምልጦኝ፣ «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት» በማለት ፈንታ «አሜን» ብዬ ተቀመጥኩ፤ ግማሹ አዳራሽም «አሜን» ብሎ ተቀበለኝ።

ቃለ ጉባኤው ይህን «ያልተፈቀደ የጸሎት ስብሰባ» ብሎታል። ስድሳ ዓመት ሙሉ በቀን አምስት ጊዜ ሲሰግዱ የኖሩት ጎረቤቴ ወይዘሮ ዙሀራ በአንድ «አሚን» ጴንጤ ስለተባሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የእርሳቸውም ልጅ ዘምቷል።

በዚህ ጥፋቴ ወደ ሸቤ የምሄድበት የሐሙስ የይለፍ ወረቀት ተከልክያለሁ። እዚያ ወይዘሮ ዘነቡ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ሊሰሙኝ ቃል ገብተውልኛል። ያለዚያች ሰዓት ሳምንቱን እንዴት እንደምዘልቀው አላውቅም፤ ይህን ስጽፍ አልቀልድም።

ለእጅዎ ብርታትን፣ ለማኅተምዎ የማያልቅ ቀለምን እየተመኘሁ፣ ከታዘዘው በላይ ግለሂስ ያደረገው አክባሪዎ፣

ኤርሲዶ፣ ቡና መዛኙ
ጅማ፣ ታኅሣሥ ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ትናንት መጋዘኑ በር ላይ ብቻዬን ሲያገኙኝ፣ ልጁ ከዘመተ ወዲህ እንቅልፍ ስላጣ አንድ ወዳጅዎ ነግረውኝ ምን እንደሚሻለው ጠይቀውኝ ነበር። እባክዎ ሁለት ይለፍ ይፈርሙልን። ከወዳጅዎ ጋር በአንድ መኪና እንሄዳለን፤ በመንገድም ስሙን አልጠይቀውም።