ሦስት ብቻ ነው የቀረኝ

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 6፣ 2012። ከቀኑ 8 ሰዓት

ሱቅ ተዘግቷል። ጫት ገብቷል፣ የወደቡ ከተማ ጉንጩን ወጥሮ ጋደም ብሏል። ሜኔሊክ አደባባይ ላይ ድመት እንኳ የለም። እኔ፣ የሚያራግበኝ ቬንቲላተርና አንተ፣ ዝምተኛው ማስታወሻዬ።

ዛሬም መስታወቱ ሥር ሦስት ሳንቲም ደረደርኩ። ባለሻርኩን፣ የዓሣው ምስል ቀለም የተቀባውን፣ ከነፕላስቲክ ክዳኑ፣ ከነምስክር ወረቀቱ። ዳቦ የማይገዛ ሳንቲም። ለሰብሳቢዎች ተብሎ ውጭ አገር የሚቀረጽ። የቀረው ካርቶን ሙሉ ጓዳ ውስጥ ነው፣ ከሽርጡ ክምር ሥር። ሰው ሲጠይቀኝ ሦስት ብቻ ነው የቀረኝ እላለሁ። ካቻምና ከጀመርኩ ወዲህ ሁሌም ሦስት ብቻ ነው የሚቀረኝ። አንዱ ሲሸጥ አንድ አወጣለሁ። ዱባይ ያለው ወንድሜ ፉአድ ነው ያስተማረኝ። ብዙ ካዩ አይፈልጉትም አለ። እውነቱን ነው። የፈረንሳይ ወታደሮች ይሻሙበት ነበር።

ነበር ልበል። ከረመዳን ወዲህ አንድ ወታደር አልገዛኝም። ዱባይ ላይ እንደ ቲማቲም ተዘርግፏል አሉ። ፉ. ሳይጠይቀኝ ሁለተኛ ካርቶን ላከብኝ። ዛሬ ገባ። ሳወርደው እግሬ ላይ ወደቀ፣ አውራ ጣቴ አብጧል። እሰይ፣ ይበለኝ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 8

አስካለ መጣች። ስለሷ ጽፌልህ አላውቅም። ለምን እንዳልጻፍኩ ደግሞ አውቃለሁ።

የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ሄሮን ሠፈር፣ ፈረንሳዮች ቤት አዳሪ ሠራተኛ። የዓርብ ዕቁባችን አባል። ዕቁቡ ካርቲየ 4 ሠፈር እኔ ቤት ይሰበሰባል፣ ዳኛዋም እኔ ነኝ። ዓምና ዕጣው ሲወጣላት ገንዘቡን እጇ ላይ ቆጠርኩላት። ልትነሳ ስትል የት ላስቀምጠው ብላ አማከረችኝ። አገር ቤት ብትልከው ዘመድ ይበላዋል፣ ማዳም ቤት የራሷ ቁልፍ የላትም። ባለሻርኩን ሳንቲም ደግሞ ታውቀዋለች። ማዳሟ መሳቢያ ውስጥ እንደ ዓይኗ ብሌን ትጠብቀዋለች፣ አቧራውን የምትጠርገው አስካለ ናት። እኔ ምን አልኩ? ወርቅ ይወጣል ይወርዳል፣ ይሄ ግን ቁጥሩ የተወሰነ ነው፣ ሦስት ብቻ ነው የቀረኝ፣ ላንቺ ከሆነ ግን ከሌላ ቦታ ፈልጌ እጨምርልሻለሁ አልኩ። ብሩ ገና የእጄ ሙቀት አልለቀቀውም። አብዛኛውን መልሼ ተቀበልኳት።

ዳኛ ነኝ እኮ! ዳኛ!

ዛሬ ልትሸጥ ነው የመጣችው። ልጇን የያዘችላት እህቷ ዓረብ አገር ልትሄድ ነው። ሕፃኗን የሚቀበል የለም። አስካለ በወሩ መጨረሻ ጠቅልላ ትገባለች፣ ኮምቦልቻ አንድ ክፍል ተከራይታ ሻይ ቤት ልትከፍት። ሳንቲሞቹን በነጠላ ቋጥራ አምጥታቸዋለች። ጣት እንኳ አላረፈባቸውም። እትዬ ነጃት፣ አሁን ስንት ገብተዋል? አለችኝ። ዓይኗ እያበራ።

ሳንቲሞቹን ተቀብዬ ገዢ ልፈልግልሽ አልኳት። አቦ፣ ገዢ ከየት!

ዓርብ፣ ኖቬምበር 9። ከዕቁብ በኋላ

ዕጣው ለኔ ወጣ። እልል አሉ። የሱቁ ባለቤት የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ካልከፈልሽ ልቀቂ እያለኝ ስለሆነ በወቅቱ ደረሰ። አልሐምዱሊላህ ለማለት ግን አፈርኩ።

ሴቶቹ ሲወጡ አዲሷ ሂሩት ቀረት አለች። አስካለ ነግራት ያን ሳንቲም ልትገዛ ፈልጋለች። ልቤ ዘለለ። ክፋቴን እየው፣ በደስታ ነው የዘለለው። የአስካለን ለሂሩት እሸጣለሁ፣ አስካለ ልጇ ጋ ትገባለች፣ እኔም ከነገሩ ወጣሁ ማለት ነው። ሂሩት ደግሞ መሸጥ ስትፈልግ? ሌላ አዲስ ትመጣለች። ከድሬ የሚመጣ አውቶቡስ መች ባዶውን መጥቶ ያውቃል።

ከዚያ ጣቶቼን ማጠፍ ጀመርኩ። ከረመዳን ወዲህ የገዙኝ እነማን ናቸው? አስቴር። ዘሃራ። የዘሃራ ጓደኛ። ወታደር የለ፣ ሰብሳቢ የለ። ፈላጊዎቹ የዕቁቤ ሴቶች ብቻ ናቸው። እንዲፈልጉ ያደረግኳቸው ደግሞ እኔ። ዋጋውን ደግፎ ያቆመው የሠራተኞች ደሞዝ ነው። ያ አላህ!

ሂሩትን አሞኛል፣ ሌላ ቀን አልኳት። እውነትም አመመኝ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 11

አስካለን አስጠራኋት። ተሸጠልሽ አልኩ። የዕጣዬን ገንዘብ ሰጠኋት፣ ከገዛችበት ትንሽ ከፍ አድርጌ። ገዢው ማነው? አለችኝ። የመርከብ ሰው ነው፣ ዛሬውኑ ይሄዳል አልኳት። ውሸት ሲመጣልኝ እንዴት ይፈጥናል!

እጄን ሳመች። አንተ ዝም በል እንጂ፣ እጄን ሳመችኝ። ላስቆማት አልቻልኩም።

የኪራዩን ነገር አላህ ያውቃል። ቀለለኝ ግን። ከሰሞኑ ዛሬ ምሳዬ ጣመኝ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 13

አልቀለለኝም።

10 ሰዓት ላይ ሱቅ ስከፍት በሩ ላይ ቆመዋል። ሂሩት፣ አስቴርና ትናንት ከድሬ የገባች አንዲት ልጅ። አስካለ አትርፋ ሸጠች ብለው። ከመሄዷ በፊት ለወዳጆቿ ደግ ልትሠራ ለሁሉም ነግራለች። አስቴር የከረመ ደሞዟን ባንዴ ተቀብላ በጡት መያዣዋ ውስጥ ይዛዋለች። መስታወቱ ሥር ሦስቱን ሲያዩ ለኔ ለኔ እያሉ ተጋፉ። ወታደሮቹ እንኳ እንዲህ አልተጋፉም። አንዷን ላድን ብዬ ሦስት ጎተትኩ።

የታወቀው ቃል፣ ሦስት ብቻ የሚለው፣ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ኪራዩ ትዝ ብሎኝ። በጥርሴ ያዝኩትና ዓርብ ዕቁብ ላይ እንነጋገራለን አልኳቸው። አስቴር ብሩን ትታልኝ ልትሄድ ፈለገች፣ እኔ ጋ ይሻላል ብላ። መለስኩላት። ያን ያህል ሰብዓዊነት ቀርቶልኛል።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 15

ወንድሜ ፉ. ደወለ። ካርቶኑን ለዕቁቡ ሴቶች ላሳይ ማሰቤን ነገርኩት። አብደሻል አለኝ። ማንንም አላስገደድሽ፣ ንግድ ነው፣ ቀስ እያልሽ አውጪው። ካርቶኑን ካሳየሽ እነዘሃራ የያዙትም ዋጋ ያጣል፣ ዕቁብሽም ይፈርሳል፣ ከዚያ ወዲያ ማን ዳኛ ይልሻል? ድሬ ላይ እማዬ ስትሰማስ?

እውነቱን ነው። ሁሌም እውነቱን ነው። ስልኩን ዘጋሁበት።

አስካለ ነገ ልትሰናበት ትመጣለች። እሷም ትሰማለች ማለት ነው። የመርከብ ሰው እንዳልነበረ። ሌላው ቢቀር እሷ ሳታውቅ ብትሄድልኝ ብዬ ቀኑን ሙሉ ተመኘሁ። አፈርኩ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 16። ከጁምዓ በኋላ

ሁለቱንም ካርቶን ከሱቅ ወደ ቤት በታክሲ አመጣሁ። ሹፌሩ ምንድነው ይሄ ሁሉ አለኝ፣ ሻርክ አልኩት፣ ሳቀ። አሁን ምንጣፉ መሃል ናቸው፣ የዕጣው ሳህን የሚቀመጥበት ቦታ።

ወስኛለሁ። ሁሉም ሲቀመጡ እዘረግፈዋለሁ። ስንት እንደሆነ በዓይናቸው ይዩት። የገዛችኝ ሁሉ ትመልስልኝ፣ ሱቁን ለቅቄም ቢሆን በየወሩ እከፍላለሁ። ዳኝነቱን ለፈለጉት ይስጡት። እንዴት እንደምጀምር ብቻ ነው የጠፋኝ። ይቅርታ ከማን ይጀመራል? ከአስካለ? እሷ ገንዘቧን አግኝታለች። ግን እጄን የሳመችው እሷ ናት።

በሩ ተንኳኳ። ገና ሰዓቱ አልደረሰም።

አስካለ ናት፣ ሳቋን አወቅኩት። እነሂሩትን ይዛ መጥታለች። ከደጅ ሆና፣ እትዬ ነጃት፣ ሦስቱን አስቀመጥሽላቸው? ትለኛለች። ልነሳ፣ በሩን ልክፈትላት።